በሁሩታ አረጋውያን ክርስቲያኖች ኃይል ስለሚያገኙበት መንገድ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአርሲ፣ በሁሩታ ከተማና በአቅራቢያዋ ያሉ ክርስቲያኖች ሰውነታቸው ሲደክምና ሥራ ሲያቅታቸው ከሃይማኖታቸው ምን ኃይል እንደሚያገኙ፣ ኃይሉም በምን መንገድ እንደሚመጣላቸው መግለጽ ነው። «በእግዚአብሔር አምነው ይጽናናሉ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛም ሥራውን ስንጀምር ከዚህ ያለፈ ነገር እናገኛለን ብለን አላሰብንም ነበር። ነገር ግን ከአረጋውያኑ ጋር ቁጭ ብለን ስንጠይቅ እነርሱ ስለ መጽናናት ብዙም አልነገሩንም። የነገሩን ስለ ሰዓትና ስለ ጾም ቀን፣ ስለ ማኅበር ተራ፣ ስለ ጧፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ተጣሉት ጎረቤትና ስለ ዕርቁ ነው። እያደርን ስናስተውለው ጥያቄያችን የተመለሰው በዚሁ ነበር፤ ይኸውም ሃይማኖቱ ሌላው ሥራ ሁሉ ከእጃቸው በወጣበት ዕድሜ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ማዕርግና አዲስ ባልንጀራ ይሰጣቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ የማይበቃበትም ቦታ የት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ሁሩታ ከአዳማ ወደ አሰላ ከሚወስደው ትልቅ መንገድ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። በስተ ደቡብ የጭላሎ ተራራ ይታያታል፤ በስተ ሰሜን አገሩ ወደ አዋሽ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በዙሪያዋ ያለው መሬት ስንዴና ገብስ የሚታፈስበት ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮሞውና አያቶቹ ከሸዋ የመጡት ሰው በጉርብትና ይኖሩባታል። በአካባቢው የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የበዙት አርሲ በ1879 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ አረጋውያን የአጥቢያቸው ታሪክ ሲጠየቁ የሚቆጥሩት ከአያታቸው ወይም ከቅድመ አያታቸው ነው። ዛሬ በአጥቢያው ከሚያስቀድሱት ሽማግሎች መካከል በቤታቸው ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አሉ። ለእነዚህ ግእዙ ሩቅ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በኦሮምኛ መቀደስ ሲጀመር ከሁሉ ይልቅ የተደሰቱት ወጣቶቹ ይመስሉን ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የማያውቁትን ቃል ሲሰሙ የኖሩት አሮጊቶች ደስታ ይበልጣል።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ሽማግሌ» ማለት ዕድሜው የገፋ ሰው ብቻ ማለት አይደለም፤ አስታራቂ፣ ዳኛ፣ ልጅ የሚጠየቅበት፣ ካሣ የሚቆረጥበት ሰው ማለትም ነው። ስለዚህ ወንድ ሲያረጅ ቋንቋው ራሱ ሹመት ይሰጠዋል። «አረጋዊ» የሚለው የግእዝ ቃልም እንዲሁ የክብር ነው፤ ደብረ ዳሞን ያቀኑት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ ዘሚካኤል «አረጋዊ» የተባሉት በወጣትነታቸው የሽማግሌ ጥበብ ስለ ነበራቸው እንደ ሆነ ይነገራል። ሴቲቱ ግን ስታረጅ «አሮጊት» ወይም «ባልቴት» ትባላለች፤ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ሹመት የለም፤ እንዲያውም ስድብ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው። እርግጥ የአርሲ ኦሮሞ ሴት ከእናትዋ የተቀበለችውን ሲንቄ ይዛ ጠብ መሐል ስትገባ ሰው ሁሉ ያከብራታል፤ ይህ ክብር ከሠርግዋ ቀን ጀምሮ እስከ ሞትዋ የሚዘልቅ ነው። በከተማ ለምትኖረውና ሲንቄ ለሌላት ክርስቲያን ሴት ግን በእርጅና ዘመን ማዕርግ የሚሰጣት አንድ ቃል ብቻ ነው ለማለት እንደፍራለን። እርሱም «እማሆይ» ነው።

ወደ «እማሆይ» ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ቁርባን መናገር ይገባናል። እሑድ ጧት ያስቀደሰ ሰው ሁሉ እንደሚያየው፣ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል የሚሰለፉት በአብዛኛው ሕፃናትና ሽማግሎች ናቸው። በመካከል ያለው ሰው የለም ወይም ጥቂት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ባለትዳር ሊቆርብ ቢሻ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጸና መሆን አለበት፤ በቁርባን የጸና ጋብቻ ደግሞ በቀላሉ አይፈታም። አብዛኛው ሰው በሰማንያ ወይም በልማድ ተጋብቶ፣ «ምናልባት» የምትለዋን ነገር በልቡ ይዞ ይኖራል። በቅርብ ዘመን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች በተክሊል መጋባት ስላበዙ ይህ ልማድ እየተለወጠ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ 70 ዓመት የሞላው ትውልድ ያደገው በቀድሞው ልማድ ነው። ስለዚህም ልጆች ከተዳሩ በኋላ አንድ ማታ ባል ወይም ሚስት «እንግዲህ ብንቆርብስ» ሲል ቤቱ ውስጥ ትልቅ ነገር ተነሣ ማለት ነው። ከ40 ዓመት አብሮ መኖር በኋላ ሁለተኛ መጋባት ነውና።

ነገሩ በመስማማት ብቻ አያልቅም። የነፍስ አባት ይጠራል፤ ንስሐ ይገባል፤ ከሁሉ በፊት ግን የተጣሉት ሰው ይታረቃል፣ ያላግባብ የተያዘ ገንዘብ ካለ ይመለሳል። በዚህ ነገር ላይ ያነጋገርናቸው አንድ ሽማግሌ ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ወሰን ተጣልተው ለብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። የወሰኑ ልክ አንድ እርምጃ የማይሞላ ነው። ሊቆርቡ ባሰቡ ጊዜ የነፍስ አባታቸው በመጀመሪያ አጥሩን አንሡ አሏቸው። አጥሩን ማንሣት ከጾሙም ከስግደቱም የከበደ እንደ ነበር፣ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው ነገሩን። ይህንን የምንጽፈው ነገሩ ስላስደነቀን አይደለም፤ ዕርቁ የሥርዓቱ አንድ ክፍል ሆኖ የተቀመጠ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሰው በሸመገለ ጊዜ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ ያላለቀ ጠብ ነው። እንዲያልቅ የሚያስገድደው ነገር ባይኖር ብዙው ሰው ጠቡን ይዞ ይቀበር ነበር።

ባል የሞተባት ሴት፣ ወይም ሚስቱ የሞተችበት ወንድ፣ ከቁርባን አልፎ ሊመነኵስ ይችላል። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ተስማምተው መኝታ ለይተው የሚመነኵሱም አሉ። ምንኩስና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዋልድባ ወይም ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ነገር ግን በየከተማው በገዛ ቤታቸው ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ባለው የመቃብር ቤት ተቀምጠው በምንኩስና የሚኖሩት አረጋውያን ሴቶች ቍጥር እጅግ ብዙ ነው። በሥርዓቱ ጊዜ መነኵሴው ለዚህ ዓለም ሞተ ተብሎ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፤ ከዚያም ቀሚስ ይለብሳል፣ ይታጠቃል፣ ቆብ ይደፋል። በቁሙ ጸሎተ ፍትሐቱን የሰማ ሰው ሞትን እንደ ሌላው ሰው አይፈራውም ሲሉ አንዲት እማሆይ በቀልድ አድርገው አጫወቱን፤ የሚያስፈራው አንድ ጊዜ አልፏል ማለታቸው ነው።

የሰው ልጅ በመጨረሻ ዕድሜው ዓለምን ትቶ ሌላ ማዕርግ እንዲይዝ ማድረግ የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስል ጥቂት ምሳሌ እንጨምራለን። በቦረና ገዳ ሥርዓት ውስጥ የመጨረሻው ደረጃ ጋዳሞጅ ይባላል፤ ከዚህ የደረሰ ሽማግሌ ከጦርና ከደም ርቆ፣ ሰላምን ጠብቆ፣ እየመረቀ ይኖራል። በህንድም የጥንቱ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ሰው የልጁን ልጅ ካየ በኋላ ቤቱን ትቶ ወደ ጫካ እንዲወጣ ያዝዛል። የሩስያ መሳፍንትም ሞታቸው ሲቀርብ የምንኩስና ልብስ መልበስ ልማዳቸው ነበር። በእኛም አገር ዐፄ ካሌብ በናግራን ስለ ተገደሉት ክርስቲያኖች ዘምተው ከተመለሱ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ሰደው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ገቡ በትውፊት ይነገራል። ልዩነቱ፣ በሁሩታ ቆብ የሚደፉት ንጉሥም መስፍንም ሳይሆኑ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴቶች መሆናቸው ነው።

ስለ ጠላ ካነሣን ዘንድ አንድ ችግር እንግለጽ። በከተማ የሚኖሩ ድኻ ሴቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአብዛኛው ጠላ በመጥመቅና አረቄ በማውጣት ነው። ቆብ የደፋች ሴት ግን መጠጥ ስትሸጥ ብትገኝ ያስነውራታል። ስለዚህም ምንኩስና ማዕርግ የሚሰጣትን ያህል ገቢዋን ይወስዳል። አንዳንዶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፤ አንዳንዶቹ ጧፍ ያዞራሉ፤ ፈትሉም ጧፉም እንደ አረቄው አያበላም። ልጆች «እናታችን ለምን መነኮሰች» ብለው የሚቈጡት አንዳንድ ጊዜ ስለዚህ ነው፤ ሸክሙ ወደ እነርሱ ስለሚዞር። ልጅ የሌላትስ? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን የቀኑን ሥራ እንመልከት። እማሆይ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ግድም ይነሣሉ። የግል ጸሎታቸውን አድርሰው ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለባቸው፤ መንገዱ ሩቅ የሆነባቸው እዚያው ይውላሉ። ቢያቅታቸው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ቅዳሴው ሲደርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሣሉ። በመካከሉ ደጀ ሰላም ይጠርጋሉ፣ መገበሪያ የሚሆን ስንዴ ይለቅማሉ፣ ሕመምተኛ ይጠይቃሉ፣ ልጅዋ የታመመባትን ወጣት እናት ጸበል ቦታ ያደርሳሉ። ሰው «በጸሎትዎ አስቡኝ» ይላቸዋል፤ ስሙን ነግሯቸው ይሄዳል። እርሳቸውም የተሰጣቸውን ስም አይረሱም። ቀደም ሲል የት እንዳስቀመጡት መሐረባቸውን ሲፈልጉ ያየናቸው አንዲት እናት ለጸሎት አደራ የተሰጧቸውን ሰዎች የክርስትና ስም ሳያቋርጡ ሲቈጥሩልን ተገርመናል። በገበያው ሚዛን ዋጋ የሌላት ሴት በዚህ ሚዛን ስትመዘን ሰው የሚፈልጋት ሆና ትገኛለች። አረጋውያኑ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈችውን በመቅደስ የኖረችውን መበለት ሐናንና አረጋዊው ስምዖንን አዘውትረው የሚያነሡትም ስለዚህ ይመስለናል፤ የካቲት 8 ቀን የሚከበረውን የስምዖን በዓል አንድ ሽማግሌ «የእኛ የሽማግሎቹ በዓል» ብለው ጠርተውታል። በእኛ አቈጣጠር 70ኛው መዝሙርም በእርጅና ዘመን ላለመጣል የሚለምን ስለ ሆነ በዳዊት ደጋሚዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው።

ስለ ንባብ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ዳዊት የሚደግሙት ወንዶች ፊደል የቈጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። ሴቶቹ ግን ብዙዎቹ በልጅነታቸው አልተማሩም። ዛሬ ውዳሴ ማርያም በአማርኛ የሚያነቡ አንዳንድ እማሆዮች የት እንደ ተማሩ ብንጠይቅ «በመሠረተ ትምህርት» አሉን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሃይማኖትን ይጠላ በነበረ መንግሥት የተካሄደ ነው፤ ያን ጊዜ በቀበሌ አዳራሽ በግድ ተሰልፈው «ሀ ሁ» ያሉት እናቶች በእርጅናቸው ፊደሉን ለጸሎት አዋሉት። ያላነበቡትም ቢሆን ሥራ አያጡም፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደግማሉ፣ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ይላሉ፣ በመቁጠሪያ እየቈጠሩ ይሰግዳሉ። የማያነብ ሰው የሚሠራው ጸሎት መኖሩ ሥርዓቱን ለድኻና ለዓይነ ስውር ክፍት አድርጎታል።

ስለ ጾም ግን አስተያየታችንን ሳንሰውር እንናገራለን። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት በዓመት ውስጥ ያለው የጾም ቀን ሁሉ ቢቈጠር 250 ያህል ይሆናል፤ ከዚህም 180 ያህሉ ለምእመናን ሁሉ የታዘዘ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ለሚቆርብ ሰው ደግሞ ከቁርባኑ በፊት 18 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀመስም። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ እንደ ሆነ ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል፤ የነፍስ አባቶችም ይፈቅዳሉ። ችግሩ አረጋውያኑ ፈቃዱን አለመቀበላቸው ነው። ስኳርና የደም ብዛት በየከተማው በበዛበት በአሁኑ ዘመን፣ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ሆኖ ሳለ፣ እስከ 9 ሰዓት ጾመው የሚወድቁ አሉ። አንዲት እናት የኪኒኑን ሰዓት በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ማታ አዙረውታል። ብንነግራቸው፣ ጾሙን ከተዉ ምን ቀረላቸው? ጥያቄው የሚቀልድ አይደለም። ከላይ እንዳልነው ጾሙ ሥራቸው ነው፤ ጹሙ አይበሉ ማለት ለገበሬ እርሻህን ተው እንደ ማለት ያህል ይሰማቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ብቻውን ቢናገር አይሰማም፤ ካህኑ ብቻውን ቢፈቅድም «ስለ ራሩልኝ ነው» ይባላል። የሁሩታን ያህል ከተማ ውስጥ የጤና ባለሙያውና የነፍስ አባቱ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስለ አንድ ሕመምተኛ ተቀምጠው ቢነጋገሩና በጾሙ ፈንታ ሌላ ሥራ፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት፣ ቢታዘዝ የሚከለክል ሕግ የለም።

ከጸሎቱ ቀጥሎ ያለው ኃይል ማኅበሩ ነው። ጽዋ ማኅበር በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን ከአባል ወደ አባል ቤት እየዞረ ይጠጣል፤ የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚደረግ ነው፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ድኻውም ከዚያ ይበላል። ለአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ማኅበሩ የሚጠቅመው በዳቦው አይደለም። ከማኅበር የቀረ ሰው ይፈለጋል። «አባባ ዛሬ ለምን ቀሩ» ተብሎ ልጅ ይላካል፤ ልጁም አባባን ታመው ያገኛቸዋል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በተጨናነቀ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሞተው ቀናት ካለፉ በኋላ መገኘታቸው በውጭ አገር ጋዜጦች የሚነበብ ነገር ነው፤ ማኅበር ባለበት ሰፈር ይህ ሊሆን አይችልም ባንልም እጅግ ይከብዳል። የማኅበሩ ጉድለት ተራው ነው። ድግሱን ማውጣት ያልቻለ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ይቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሌላውን ተራ በትብብር የሚያወጡ ማኅበሮች አሉ፤ ዝም ብለው ስሙን የሚሰርዙም አሉ።

እድርም አለ፤ ነገር ግን እድር ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ሲሞት ነው። በርከት ያለ ገንዘብ በእድር ሣጥን ተቀምጦ ሳለ አባሉ መድኃኒት መግዣ አጥቶ ሲሰቃይ፣ በሞተ ማግስት ግን ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ በሚገባ ይቀበራል። በአንዳንድ ከተሞች ለታመመ አባል ከሞቱ በፊት የሚረዱ እድሮች መኖራቸው መልካም ምሳሌ ነው።

አረጋውያኑን ከሞት ይልቅ የሚያሳስባቸው ከሞት በኋላ ያለው ነው፤ በ40 እና በ80 ቀን፣ በዓመቱም የሚደረገው ፍትሐትና ተዝካር። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጆቹን የማያምን ሰው፣ በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ያወጣል፤ ይህም የቁም ተዝካር ይባላል። ራሱ ደግሶ፣ ካህናቱንና ድኻውን አብልቶ፣ በገዛ ተዝካሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይመረቃል። ካህናት በአሁኑ ጊዜ ይህን ያህል ወጪ አታውጡ፣ ለነዳያን ስጡ ብለው ያስተምራሉ፤ እኛም ሐሳቡን እንደግፋለን። ሆኖም ለዚሁ ብለው ሳንቲም ያጠራቀሙ አንዲት እናት ስለ ድግሱ ሲያጫውቱን ፊታቸው ላይ ያየነው ደስታ እንደ ሙሽራ ነበር። ዕዳቸውን የከፈሉ ያህል ቀለል ብሏቸዋል።

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው ስለ ኦርቶዶክሶች ነው። በአካባቢው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አረጋውያንም አሉ። እነዚህ ቆብ የላቸውም፤ ስለዚህ ኃይላቸው ያለው በዝማሬው፣ በቤት ለቤት ጸሎትና በምስክርነት ነው። ከሁሩታ ብዙ ባልራቀችው በአዳማ፣ ያን ጊዜ ናዝሬት፣ በ1950ዎቹ ውስጥ ከተማሪዎች መካከል የተነሣው «ሰማይ ብርሃን» የተባለው እንቅስቃሴ በዚያ ዘመን የልጆች ነገር ተብሎ ነበር የሚታየው። እነዚያ ልጆች ዛሬ በሕይወት ካሉ ከ75 ዓመት በላይ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹን የያዘችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። ያን ጊዜ በር ዘግተው በሹክሹክታ የዘመሩ ሰዎች በእርጅናቸው ቤት መዋል ሲመጣባቸው እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ማምለክን ቀድሞ ተምረውታል። ለወጣቱ ያን ዘመን መተረክም ሥራ ሆኖላቸዋል።

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ፤ እንጀራውስ ከየት ይመጣል? ቀድሞ ሽማግሌው መሬት ስለ ነበረው ልጁ ከእርሱ አይርቅም ይባላል። ይህ በአርሲ ለብዙው ሰው እውነት አልነበረም፤ ብዙው ጭሰኛ ነበርና። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ቢከለክልም አቅም ላጣ ሽማግሌና ለሕመምተኛ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ዛሬም መሬት ያለው ሽማግሌ በእኩል ያሳርሳል። በዚሁ አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬትም ስለ ተወሰደ አጥቢያው ለድኻ የሚሰጠው ከምእመናኑ እጅ የሚመጣውን ብቻ ሆነ። ጡረታን በተመለከተ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ በ1953 ዓ.ም. ሕግ ወጣለት፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ 50 ዓመት ቈየ። ገበሬውና ጠላ ሻጭዋ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ወላጁን እንዲቀልብ ያዝዝ ነበር፤ በኋላ የወጡትም የቤተሰብ ሕጎች ይህን ጠብቀዋል። ልጅዋን ለቀለብ ፍርድ ቤት የምታቆም እናት ግን እምብዛም አትገኝም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ አረጋውያንን መርዳት የመንግሥት ነገር መሆኑን ይናገራል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል።

በዚህ ላይ ልጆቹ የሉም። ከአርሲ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደዋል። ገንዘብ ይልካሉ፤ በስልክ ድምፃቸው ይሰማል፤ አንዳንዱ አረጋዊ ከቀድሞው በተሻለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ውሃ የሚቀዳለት ግን የለውም። የማይልኩም አሉ። እኛን ያሳዘነን ልጆች አለመላካቸው አይደለም፤ ራሳቸው በችግር ላይ ሊሆኑ ይችላሉና። ያሳዘነን፣ በአቅራቢያው ያሉ ዘመዶች ስለ አንዲት ችግረኛ እማሆይ ሲጠየቁ «እርሳቸው እኮ ጸሎተኛ ናቸው፣ እግዜር ይመግባቸዋል» ማለታቸው ነው። ይህ ቃል በአሮጊቷ አፍ ሲነገር እምነት ነው፤ በጠገበው ዘመድ አፍ ሲነገር ግን ማምለጫ ነው። የአሮጊቷ ጽናት ለሌላው ሰው ስንፍና ዋስ ሆኖ ሲቆም አይተናል፤ ስለዚህም ጽናቱን ብቻ አመስግነን ማለፍ አልቻልንም። በአዲስ አበባ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአቶ ቢኒያም በለጠ አማካይነት የተቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የሚያነሣቸው ብዙ አረጋውያን በአንድ ወቅት ልጅ፣ ዘመድና ጎረቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በብዙ ትናንሽ ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት የለም፤ ያለው የመቃብር ቤቱ ነው።

በአንድ አጥቢያ ግቢ ውስጥ ባለች እንዲህ ባለች አንድ ክፍል ሁለት እማሆዮች አብረው ይኖራሉ። ዝምድና የላቸውም፤ አንደኛዋ ከባላገር የመጡ ናቸው፣ ሁለተኛዋ ከተማ ነው ያደጉት። የባላገሯ ዓይን ከጠፋ ቈይቷል። የሚበሉት ከሰንበቴውና ምእመናን ከሚያመጡላቸው ነው፤ በጾመ ፍልሰታ ሰው ስለሚበዛ ሽምብራው አይጠፋም፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት የሳሱ ናቸው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ዓይናማዋ ውዳሴ ማርያም ያነቡ ነበር፤ መነጽራቸው አንዱ ጆሮ በክር የታሰረ ነው። ፊደሉ ሲያደናግራቸው ያቆማሉ፤ ዓይነ ስውሯ የተቋረጠውን ቃል ከግድግዳው ሥር ሆነው ያቀብሏቸዋል። ሳንጠይቃቸው እንደ ነገሩን፣ አንደኛዋ ያለ ሁለተኛዋ ጸሎቱን መጨረስ አይችሉም። ስንነሣ ስማችንን ጠየቁን። የሰጠናቸው በትምህርት ቤት የምንጠራበትን ነበር፤ ዓይነ ስውሯ ግን አይ ልጆቼ፣ የክርስትና ስማችሁን ነው እንጂ አሉን፤ ከእኛም አንዱ የራሱን የክርስትና ስም ስለማያውቅ ለእናቱ መደወል አስፈለገው።